አዲስ የቤት ባለቤት ጥገናን ከየት ይጀምር?

የቤት ቁልፍ የተረከበ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ቀጥሎ የኪችን ካቢኔቱ፣ የሳሎኑ ወለል፣ የመብራቱ ዓይነት። ገንዘቡም ወደዚያው ይሄዳል። ጥቂት ወራት አለፍ ሲል ግን አዲስ በተቀባው ኮርኒስ ላይ ቢጫ የውኃ ምልክት ብቅ ይላል። ጣሪያው ድሮም ያፈስ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። የቀለሙንም የቀቢውንም ሒሳብ ውኃ በላው።

የጥገና ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚያስጠላው ሳይሆን እያደር ለሚብሰው ነው። ያረጀ ካቢኔት ዓመት ቢቆይ ያው ያረጀ ካቢኔት ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ግን ዓመት ከቆየ ካቢኔቱንም፣ ወለሉንም፣ ግድግዳውንም ይዞ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው። ባለሙያ መሆን አይጠበቅባችሁም። ቤታችሁን ማወቅ ግን የግድ ነው።

1. ከሁሉ በፊት መዝጊያዎቹን እወቁ

መዶሻ ከመግዛታችሁ በፊት ውኃው፣ መብራቱና ጋዙ የት እንደሚዘጋ እወቁ። ቧንቧ ፈንድቶ ቤት እየተጥለቀለቀ መዝጊያ መፈለግ ከባድ ነው። እናንተ ብቻ ሳትሆኑ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቅ። እናንተ በሌላችሁበት ቀን ነው የሚፈነዳው።

የውኃው ዋና መዝጊያ አብዛኛውን ጊዜ ቆጣሪው አጠገብ ይገኛል። በሩብ ዙር የሚዘጋ ባለ እጀታ ከሆነ ጥሩ ነው። ተሽከርካሪው ክብ ዓይነት ከሆነ ግን ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በጉልበት አትታገሉት፤ አንገቱ ላይ ሊሰበር ይችላል። ቀስ ብላችሁ ወዲህ ወዲያ እያዞራችሁ አላቅቁት። ዘግታችሁ ስትጨርሱ ቤት ውስጥ አንድ ቧንቧ ክፈቱ። መስመሩ ውስጥ የቀረው ውኃ ትንሽ ይወርድና መቆም አለበት። ካልቆመ ያ መዝጊያ ከጥገና ዝርዝራችሁ አናት ላይ ይጻፍ። ጣሪያ ላይ ታንከር ካለ ደግሞ የራሱ መዝጊያ አለው። ዋናው ቢዘጋም የታንከሩ ውኃ መውረዱን ይቀጥላል፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል።

ለመብራቱ የብሬከር ሳጥኑን ክፈቱና የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ ለዩ። ረዳት ከሌላችሁ አንድ ሶኬት ላይ ሬዲዮ ሰክታችሁ ድምፁን ከፍ አድርጉት። ከዚያ ብሬከሮቹን በየተራ አጥፉ። ሬዲዮው ዝም ሲል የዚያ ክፍል ብሬከር ተገኘ ማለት ነው። በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። ሳጥኑ ውስጥ መሞከሪያ ቁልፍ ያለው ሰፋ ያለ መከላከያ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ሰውን ከኤሌክትሪክ የሚያድነው እሱ ነው፤ ለቤት የሚሆነው 30 ሚሊ አምፔር የሚል ጽሑፍ አለው። በየጥቂት ወሩ መሞከሪያውን ተጫኑት። ሲጫኑት የማይወርድ ከሆነ አይሠራም፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ጭራሽ ከሌለ ማስገጠም ከመጀመሪያዎቹ ወጪዎች አንዱ ይሁን።

ጋዝ ካለ ማያያዣዎቹን በሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው እየተነፋ ከመጣ ያስተነፍሳል። ቤት ስትገቡ የጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፤ ለማጥፋትም ቢሆን። ብልጭታው ይበቃል። መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ፣ ስልክ የምትደውሉትም ከውጭ ሆናችሁ ነው። በጋዝ፣ በከሰል ወይም በእንጨት የሚሠራ ማሞቂያ ያለበት ቤት ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ይህ መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ቤት ውስጥ ራስ ምታትና ማዞር ይዟችሁ ውጭ ስትወጡ የሚሻላችሁ ከሆነ በቀላሉ አትዩት።

2. ማስታወሻ ይዛችሁ ዙሩ፤ በዝናብም ዙሩ

ቀጥሎ ምንም ሳትነኩ ቤቱን መዞር ነው። መጀመሪያ ከውጭ፣ ከዚያ ከውስጥ። ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቀን አስፍሩ። «ይቺንማ አሁኑኑ ላስተካክል» የሚል ስሜት ይመጣል። ያዙት። አንዷን ይዛችሁ ስትታገሉ የቀረው ሳይታይ ይውላል።

ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ለአዲስ የቤት ባለቤት ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። አሸንዳው የት ላይ ሞልቶ ይፈሳል? የሚያወርደው ቱቦ ውኃውን ከቤቱ ያርቃል ወይስ ግድግዳው ሥር ይደፋዋል? ውኃ የት ይቋጥራል? በደረቅ ቀን መቶ ጊዜ ብትዞሩ ይህን አታዩም።

ከውስጥ ደግሞ ዓይን ብቻ አይበቃም። ሲንክ ሥር እጃችሁን አስገብታችሁ ቧንቧዎቹን ዳስሱ፤ ስስ እርጥበት በዓይን አይታይም፣ ጣት ግን ያውቀዋል። ሶኬቶቹን በእጃችሁ ጀርባ ከላያቸው ነካ አድርጉ። ሙቀት ያለው ወይም ጠርዙ የጠቆረ ሶኬት ካለ የሱን ብሬከር እዚያው አጥፉት። ያበጠ ቀለም፣ ኮርኒስ ላይ ያለ ምልክት፣ በድንገት አልዘጋ ያለ በር፣ የሚወዛወዝ የደረጃ መደገፊያ፣ ሁሉም ይጻፍ።

3. ዝርዝሩን ለዩት

አሁን ረጅም ዝርዝር ይዛችኋል። አይዟችሁ፣ የሁሉም ሰው ዝርዝር ረጅም ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ለስድስት ወር ብተወው ምን ይሆናል?

«ሰው ይጎዳል» የሚል መልስ ያለው ዛሬ ይሠራል። የሚሞቅ ሶኬት፣ የጋዝ ሽታ፣ መደገፊያ የሌለው በረንዳ፣ ውኃ ቋጥሮ የወረደ ኮርኒስ እዚህ ውስጥ ናቸው። ውኃና ኤሌክትሪክ የተገናኙበት ማንኛውም ቦታም እንዲሁ።

«ውኃ ይገባል» ወይም «ውኃ ይወጣል» የሚለው ሁለተኛ ነው። ሦስተኛው ዕድሜ የሚያሳጥረው ነው። ቀለሙ ለቆት ዝገት የጀመረው ብረት፣ ፀሐይና ዝናብ የሚመታው እርቃኑን የቀረ እንጨት፣ የተሰነጠቀ የሻወር ሲሊኮን እዚህ ይገባሉ። አርማታ ላይ ብረቱ ብቅ ብሎ ከታየ ቶሎ አሳዩት። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ገፍቶ ይጥለዋል።

የቀረው የመልክ ጉዳይ ነው። ይቆይ።

የሥራ ቅደም ተከተልም አለ። ከላይ ወደ ታች፣ ከግድግዳው ውስጥ ወደ ላዩ። ጣሪያው ሳይዘጋ ኮርኒስ አይሠራም። ግድግዳ የሚያስቆፍር የቧንቧና የሽቦ ሥራ ሁሉ ከልስንና ከቀለም በፊት ያልቃል። ይህን የዘለለ ሰው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍልበታል። ግድግዳ አፍርሶ ክፍል ማስፋት የመሳሰለውን ትልቅ ለውጥ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዙር ወቅቶች ቤቱ ውስጥ ኖራችሁበት ብትወስኑ እመክራለሁ። ፀሐይ የት እንደምትገባ፣ ብርዱ ከየት እንደሚመጣ የምታውቁት ኖራችሁበት ነው።

4. ውኃን ተከታተሉ

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ቤትንም የሚወስደው እንደዚያው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ።

ከጣሪያ እንጀምር። የቆርቆሮ ጣሪያ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ቆርቆሮው ተበስቶ ሳይሆን የማሰሪያ ሚስማሩ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) በፀሐይ ደርቆ ተሰንጥቆ ነው። ሌላው ደካማ ቦታ ጣሪያው ከግድግዳ ወይም ከጭስ ማውጫ ጋር የሚገናኝበት ነው። አንድ ነገር አስታውሱ፦ ኮርኒሱ ላይ ምልክት ያለበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ውኃ እንጨት ይዞ ርቆ ሄዶ ነው የሚንጠባጠበው። ኮርኒሱ ውስጥ መግባት ከቻላችሁ ዝናብ እየጣለ በባትሪ እዩት፣ የርጥበቱን መስመር ወደ ላይ ተከተሉት። ምልክቱ አዲስ ይሁን የድሮ ካላወቃችሁ ደግሞ ዙሪያውን በእርሳስ ክበቡና ቀን ጻፉበት። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ ከእርሳሱ ካለፈ ቀዳዳው ዛሬም ክፍት ነው።

አሸንዳውን አጽዱ። ቅጠል የዘጋው አሸንዳ ደህናውን ጣሪያ የሚያፈስ ያስመስለዋል። መሬቱም ከግድግዳው ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። ለመጀመሪያዎቹ 2 እስከ 3 ሜትር፣ በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል በቂ ነው። ይህ አካፋና አፈር ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ መሠረትን ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ቀጥሎ የማይታየው ፍሳሽ። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ። የቆጣሪውን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ቀይ አኃዝ ጻፉ። አንድ ሁለት ሰዓት ማንም ውኃ ሳይነካ ቆዩና እንደገና አንብቡ። ቁጥሩ ከሄደ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ታንከር ካላችሁ ሞልቶ መቆሙን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ አለዚያ ቆጣሪው የሚሄደው ለመሙላት ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የመጸዳጃ ቤቱ ታንክ ነው። ታንኩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትለቁት ቆዩ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ቀለም ከያዘ የታንኩ መድፈኛ ጎማ አልቋል። መቀየሩ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ከዚያ ካልሆነ የመጸዳጃ ቤቱን መዝጊያ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ሙከራ ድገሙት። አሁንም ከሄደ የተቀበረ መስመር ሊሆን ስለሚችል የቧንቧ ሠራተኛ ይየው።

የሚረጥብ ግድግዳ ደግሞ ብዙ ሰው በቀለም ሊሸፍነው የሚሞክር ነገር ነው። ቀለሙ ይላጣል፣ ሻጋታውም ይመለሳል። መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ መለየት አለበት። ዘዴው ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ውኃ በጨርቅ አድርቁ። 40 ሴንቲ ሜትር በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ፕላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉበት። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ተዉት። ከዚያ እዩት። ጠብታው ፊት ለፊት፣ ክፍሉ በኩል ካለ የቤቱ አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ያረፈ ነው። መፍትሔው አየር ማናፈስ ነው፦ ከሻወር በኋላ መስኮት መክፈት፣ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ። ጠብታው ከፕላስቲኩ ጀርባ ካለ ግን ግድግዳው ራሱ ውኃ ይዟል። ቧንቧ፣ ዝናብ ወይም ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው። ምንጩ ሳይደርቅ ልስንም ቀለምም አታስነኩ።

5. ኤሌክትሪክ፦ ብዙ እዩ፣ ትንሽ ንኩ

ብሬከር ሲወርድ ተበላሸ አትበሉ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። የተሰካውን ነቅላችሁ አንድ ጊዜ መልሱት። ደግሞ ከወረደ ተዉትና ባለሙያ ጥሩ። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ስለወረደ ብቻ በትልቅ ማስቀየር ግን ፈጽሞ አይደረግም። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው ከ10 እስከ 16 አምፔር ባለው ብሬከር ነው። እዚያ ላይ 32 ቢገባ ብሬከሩ ገና ምንም ሳይሰማው ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ከዚያ ኮንታክት፣ ከዚያ እሳት።

የሶኬት ማከፋፈያ (ኤክስቴንሽን) ላይም ሒሳቡን አስሉ። 2,000 ዋት የሆነ የውኃ ማፍያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። አጠገቡ ተመሳሳይ ምድጃ ሲሰካ 18 ይሆናል። ያቺ ማከፋፈያ ይህን አትችልም። ምድጃ፣ ማሞቂያና የመሳሰለው በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ፣ ቢቻል ደግሞ በራሱ መስመር ይሁን።

6. ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም፣ አንዳንዱ ግን

ልስን ላይ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የተለመደ ነው። ትኩረት የሚፈልገው ከበርና ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚነሳው፣ በብሎኬት መጋጠሚያ ላይ እንደ ደረጃ እየዘለለ የሚሄደው፣ አንድ ጫፉ ሰፍቶ ሌላው የጠበበው፣ ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋው ነው። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ስፋቱን ለኩ፣ ቀን ጻፉ። በየወሩ እዩት። ዓመት ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ ደፍናችሁ ቀቡት። ከተንቀሳቀሰ ከለሳኙ በፊት የሚጠራው መሐንዲስ ነው። እየሰፋ ያለውን ስንጥቅ በስቱኮ መድፈን ምልክቱን ያጠፋል እንጂ ችግሩ እዚያው ነው።

7. በሚንጠባጠብ ቧንቧ ተማሩ

እጅ የሚፈታው በትንሽ ሥራ ነው። ለመጀመር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠፍጣፋና ኮከብ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አፉ የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ውኃ ልክ፣ ባትሪ፣ ቴፍሎን (የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠቀለለው ስስ ነጭ ጥቅል)፣ የኤሌክትሪክ ቴስተርና የማይወዛወዝ መሰላል ይበቃል። የቀረውን ሥራው ሲጠይቅ ግዙ። ቴስተሩን መብራት እንዳለበት በምታውቁት ሶኬት ላይ ሳትሞክሩት አትመኑት።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ጥሩ መምህር ነው። ከሲንኩ ሥር ያለውን መዝጊያ ዝጉ፣ ከሌለ ዋናውን። ቧንቧውን ክፈቱና የቀረው ውኃ ይውረድ። የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑት፤ ትንሿ ቡሎን እዚያ ከገባች ሌላ ሥራ ነው። የእጀታውን ክዳን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ፣ ሥሩ ያለውን ቡሎን ፍቱ፣ እጀታውን አውጡ። ከዚያ አንገቱን በቁልፍ ወደ ግራ ፍቱት። ሲወጣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጎሚኒ ታገኛላችሁ። ክብ ጉድጓድ ከሰራበት ወይም ከደረቀ ሲያንጠባጥብ የከረመው እሱ ነው። የፈታችሁትን በፈታችሁበት ቅደም ተከተል ደርድሩ፣ ፎቶም አንሱ። አሮጌውን ጎሚኒ ይዛችሁ ሄዳችሁ ልኩን ግዙ፤ በዓይን ልክ አትግዙ።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ጎሚኒው የሚያርፍበትን የብረት ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱ። ሻካራ ከሆነ አዲሱንም በቅርቡ ይበላዋል። ከዚያ መልሳችሁ ግጠሙና ውኃውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ቧንቧችሁ በሩብ ዙር የሚከፈት ከሆነ ግን ውስጡ ጎሚኒ ሳይሆን የሴራሚክ ካርትሪጅ ነው፤ እሱ በሙሉ ይቀየራል።

ይህን የቻለ ሰው ሲንክ ሥር ያለውን ሲፎን (ጠማማውን የፍሳሽ ቱቦ) ፈትቶ ማጽዳት አያቅተውም፤ ባልዲ ከሥሩ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ቴፍሎን ስትጠቀልሉ ጥርሱን ወደ እናንተ አዙራችሁ በሰዓት አቅጣጫ ጠቅልሉ። በተቃራኒው ከሄደ ስታጠብቁት ይተረተራል። የሻወር ሲሊኮን ስትቀይሩ አሮጌውን ሙልጭ አድርጋችሁ አንሱ፣ አድርቁ፣ ከቀባችሁ በኋላ ለ24 ሰዓት ውኃ አታስነኩት። በአሮጌ ላይ የተቀባ አዲስ ሲሊኮን አይያዝም።

የማትነኩትንም እወቁ። የብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሽቦ፣ የጋዝ መስመር፣ ተዳፋት ጣሪያ፣ ሸክም የያዘ ግድግዳ የባለሙያ ናቸው። የቆየ ቤት ከሆነ አሮጌው ቀለም እርሳስ (መርዛማው ብረት)፣ አሮጌው የሲሚንቶ ጣሪያ ደግሞ አስቤስቶስ (ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖረው ይችላል። በደረቁ አትፈግፍጉ፣ አትብሱ፣ አትስበሩ። አቧራው ነው ጠንቁ፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት።

8. ባለሙያ ሲመጣ

ከሁለት ሦስት ሰው ዋጋ ጠይቁ። የሚሠራው ሥራና የሚገባው ዕቃ በጽሑፍ ይሁን። ክፍያውን በሙሉ አስቀድማችሁ አትስጡ። ሲሠራ አጠገቡ ሁኑና «ይሄ ለምን ተበላሸ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ማስረዳት ደስ ይለዋል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም እዩት።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። ግድግዳ ተቆፍሮ ቧንቧ ወይም ሽቦ ሲዘረጋ፣ ከመለሰኑ በፊት ሜትር ዘርግታችሁበት ፎቶ አንሱ። ከወለሉና ከጥጉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደራቀ ይታይ። ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳ ስትበሱ ያ ፎቶ ቧንቧውን ከመብሳት ያድናችኋል።

9. ገንዘቡና ቀኑ

ለጥገና በየወሩ ጥቂትም ብትሆን ለብቻ አስቀምጡ። የተለመደው መነሻ የቤቱ ዋጋ 1 በመቶ በዓመት ነው፤ ቤቱ ካረጀ ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ቀሪው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዝናብ ከመጀመሩ በፊት አሸንዳና የጣሪያ ማሰሪያ ይታይ። ዝናቡ ሲያበቃ ኮርኒስ፣ የግድግዳ ሥርና የብረት ቀለም። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ መዝጊያዎቹን ዘግታችሁ ክፈቱ፣ እንዳይጣበቁ። የጭስ ማስጠንቀቂያውን በየወሩ ሞክሩ። ቦይለሩን 60 ዲግሪ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በታች ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። 60 ራሱ ግን ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ስለሚያቃጥል ሻወሩ ላይ ማቀዝቀዣ ማደባለቂያ ይኑር። በዓመት አንዴ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ፣ ከሥሩ ዝቃጩን አስወጡ። የብረት ታንክ ካለው ውስጡ ታንኩን ከዝገት የሚጠብቅ የማግኒዚየም ዘንግ አለ። እሱ እያለቀ ነው ታንኩ የሚተርፈው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ አስከፍታችሁ አሳዩት፤ ቀጥኖ ሽቦው ከታየ ይቀየር።